አሮጌ ስቶሬጅ ሂተር ያለበት ፍላት ተከራይታችሁ የመብራት ቢል ሲንርባችሁ ምን ታደርጋላችሁ?

እንግሊዝ አገር ጋዝ ያልገባበት ፍላት ተከራይታችሁ ከሆነ ይህ መመሪያ ለእናንተ ነው። ግድግዳ ሥር የተተከለ ሰፊና ከባድ የብረት ሳጥን አለ። ከላዩ ሁለት ማዞሪያ አለው። ጠዋት ስትነሱ ግሎ ታገኙታላችሁ። ከሥራ ደክሟችሁ ስትመለሱ ደግሞ ቀዝቅዟል። ስሙ ስቶሬጅ ሂተር ነው። በድሮ ፍላቶችና ከሱቅ በላይ ባሉ ቤቶች ውስጥ በብዛት ይገኛል።

እኛ ቤት የማሞቅ ልማድ ይዘን አልመጣንም። አገር ቤት ሲበርድ ጋቢ እንደርባለን፣ ቡና እናፈላለን፣ ፀሐይ እንሞቃለን። ቁልፍ የሚያስረክበው ኤጀንትም ስለ ሂተሩ ምንም ሳይናገር ይሄዳል። ከዚያ ክረምቱ ይገባና ቢሉ ያስደነግጣል። ሰው ሂተሩን ነቅሎ የመጣል ያህል ያጠፋዋል፤ ከሱቅ ትንሽ ሂተር ገዝቶ ሶኬት ላይ ይሰካል። ቢሉም ይብስበታል። ልጆች ባሉበት ቤት ይህን ማየት በጣም ያሳዝናል፤ ምክንያቱም ብዙ ጊዜ መፍትሔው ገንዘብ አይጠይቅም።

የብዙ ወገኖችን ቢል ካየሁ በኋላ የደረስኩበት ነገር ይህ ነው፦ ሂተሩ ማርጀቱ ብቻውን ቢሉን እንዲህ አያንረውም። ኤሌክትሪኩ በውድ ሰዓት ሲገዛ፣ ሙቀቱም ማንም በማይጠቀምበት ሰዓት ሲለቀቅ ነው ጉዳቱ። ስለዚህ ቅደም ተከተሉን ጠብቁ። መጀመሪያ ቆጣሪ፣ ቀጥሎ ታሪፍ፣ ከዚያ ማዞሪያዎቹ፣ ከዚያ በኋላ አከራይ።

በመጀመሪያ፦ ሂተሩ እንዴት ነው የሚሠራው?

ውስጡ ጡብ ነው። በጡቦቹ መሃል ልክ እንደ ኤሌክትሪክ ምጣድ ሬዚስታንስ ያልፋል። ሌሊት ኤሌክትሪክ በሚረክስበት ሰዓት ጡቦቹ ይግላሉ። ቀን ሙቀቱን ቀስ እያሉ ይለቃሉ። ይህ አሠራር የተፈጠረው ኢኮኖሚ 7 ከሚባለው ታሪፍ ጋር አብሮ እንዲሄድ ነው። በዚህ ታሪፍ ኤሌክትሪኩ ሌሊት ለ7 ሰዓታት ርካሽ ነው። የቀሩት 17 ሰዓታት ደግሞ ከመደበኛው ታሪፍ ይወደዳሉ።

ርካሹ ሰዓት እንደ አካባቢውና እንደ ኩባንያው ይለያያል። ብዙ ቦታ ከ00:30 እስከ 07:30 ነው፤ በእኛ አቆጣጠር ከሌሊቱ 6:30 እስከ ጠዋቱ 1:30 ማለት ነው። ከዚህ በኋላ እንዳንደናገር ሰዓት የምጠራው እንደ ቆጣሪው፣ በፈረንጅ አቆጣጠር ይሆናል። አንድ ነገር ልብ በሉ፦ በማርች መጨረሻ የአገሩ ሰዓት ወደፊት ሲገፋ ብዙ ቆጣሪዎች አብረው አይገፉም። ስለዚህ 00:30 የነበረው መጀመሪያ እስከ ኦክቶበር መጨረሻ ድረስ 01:30 ሊሆን ይችላል። የራሳችሁን ትክክለኛ ሰዓት ለማወቅ ወደ ኩባንያው ደውሉና ጠይቁ። ደቂቃ የሚፈጅ ጥያቄ ነው።

አሁን መጠኑን እንይ። የተለመዱት አሮጌ ሂተሮች 1.7፣ 2.55 ወይም 3.4 ኪሎዋት ናቸው። ጎናቸው ላይ ወይም ከሥራቸው የተለጠፈው ብረት ላይ ተጽፏል። ሳሎን 2.55፣ መኝታ ቤት 1.7 ካለ፣ ሁለቱም ሰባቱንም ሰዓት ሙሉ ሲሞሉ ወደ 30 ኪሎዋት ሰዓት ይበላሉ። አንዱ ኪሎዋት ሰዓት አንድ ዩኒት ይባላል። ለምሳሌ ያህል ለአንድ ዩኒት የሌሊቱ ዋጋ 15 ፔንስ፣ የቀኑ 32 ፔንስ፣ መደበኛው አንድ ዋጋ ታሪፍ ደግሞ 27 ፔንስ ነው እንበል። በሌሊት ዋጋ አንድ ቀን 4 ፓውንድ ከ50 ይሆናል። በመደበኛው ታሪፍ ከሆናችሁ ግን ያው ሙቀት 8 ፓውንድ ከ10 ያስከፍላል። በ30 ቀን 135 እና 243 ፓውንድ ነው። ሂተሩ ያው፣ ጡቡ ያው፣ ብርዱም ያው ነው። የተለየው ታሪፉ ብቻ ነው።

እነዚህ ዋጋዎች ለስሌት ያህል የወሰድኳቸው ናቸው። የእናንተን ከቢላችሁ ላይ ውሰዱ። ተቆጣጣሪው መሥሪያ ቤት ኦፍጄም የዋጋ ጣሪያውን በየ3 ወሩ ስለሚለውጥ የባለፈው ዓመት ቁጥር አይሠራም።

ደረጃ 1፦ ቆጣሪውን አንብቡ

ቆጣሪው መግቢያው አጠገብ ባለ ቁምሳጥን ውስጥ ወይም በደረጃው በኩል ይኖራል። የኢኮኖሚ 7 ቆጣሪ ሁለት ንባብ አለው። አንዳንዱ ላይ ቀንና ሌሊት ተብሎ ተጽፏል። ሌላው ላይ ሬት 1 እና ሬት 2 ብቻ ነው የሚለው። በዲጂታሉ ላይ ቁልፉን ስትጫኑ ቁጥሮቹ እየተፈራረቁ ይመጣሉ።

አንድ ንባብ ብቻ ካገኛችሁ ችግሩን ምናልባት እዚሁ አግኝታችሁታል። ስቶሬጅ ሂተር ያለበት ቤት በአንድ ዋጋ እየከፈለ ነው ማለት ነው። ብዙ ጊዜ የቀድሞው ተከራይ ታሪፉን ወይም ቆጣሪውን አስቀይሮ ሄዶ ይሆናል።

ሁለት ንባብ ካለ የትኛው የቀን፣ የትኛው የሌሊት እንደሆነ በዓይናችሁ አረጋግጡ። ከሰዓት በኋላ ሁለቱንም ፎቶ አንሱ። ምግብ አብስሉ፣ ውሃ አፍሉ። ሁለት ሰዓት ያህል ቆይታችሁ ተመልሳችሁ እዩ። የተንቀሳቀሰው የቀኑ ነው። ከዚያ ቢሉን አውጡና አመሳክሩ። ኩባንያው ሁለቱን አቀያይሮ መዝግቦ የሌሊቱን በቀን ዋጋ ሲያስከፍል ይገኛል። አንዲት የማውቃት እናት ቤት ያጋጠመው ይኸው ነበር። በምሳሌያችን ዋጋ ብናሰላው፣ በቀን 20 ዩኒት ሌሊት፣ 8 ዩኒት ቀን የሚጠቀም ቤት 5 ፓውንድ ከ56 መክፈል ሲገባው 7 ፓውንድ ከ60 ይከፍላል። በወር ወደ 61 ፓውንድ በከንቱ ይሄዳል። እንዲህ ካገኛችሁ ፎቶውን ይዛችሁ እንዲታረምና በትርፍ የተከፈለው እንዲመለስ ጠይቁ።

ቀጥሎ ለአንድ ሳምንት ያህል ማታ ከመተኛታችሁ በፊትና ጠዋት እንደተነሳችሁ ንባቡን ጻፉ። ስልክ ላይ ፎቶ ማንሳት ይበቃል። በዚህ ሳምንት ምንም ነገር አትቀይሩ። የተለመደውን ኑሯችሁን ኑሩ። ሌሊት ስንት፣ ቀን ስንት እንደምትበሉ ሳታውቁ የምትወስዱት እርምጃ ሁሉ ግምት ነው።

የአንድን ዕቃ ፍጆታ ለማወቅ ደግሞ ቆጣሪው ላይ ብልጭ ድርግም የምትለዋን ቀይ መብራት ተጠቀሙ። አጠገቧ ብዙ ጊዜ 1000 ኢምፕ በኪሎዋት ሰዓት ይላል። በአንድ ደቂቃ ስንቴ ብልጭ እንዳለች ቁጠሩና በ60 አባዙ። የሚመጣው ቁጥር ቤቱ በዚያች ቅጽበት የሚስበው ዋት ነው። 10 ጊዜ ካለች 600 ዋት። ሁሉንም አጥፍታችሁ ማቀዝቀዣው ብቻ ሲቀር አሁንም ቶሎ ቶሎ ብልጭ የምትል ከሆነ፣ የሆነ ቦታ የተረሳ ማሞቂያ አለ። ብዙ ጊዜ የውሃ ማሞቂያው ነው። ወደ እሱ እመለሳለሁ።

ደረጃ 2፦ ታሪፉ ለእናንተ ይስማማል?

ኢኮኖሚ 7 ሁልጊዜ አያዋጣም። ሌሊት በቂ ካልተጠቀማችሁ የቀኑ ውድ ዋጋ ትርፉን ይበላዋል። ስሌቱ ቀላል ነው። የቀኑን ዋጋ ያዙ፣ መደበኛውን አንድ ዋጋ ቀንሱለት። በሌላ በኩል ከቀኑ ዋጋ የሌሊቱን ቀንሱ። የመጀመሪያውን ለሁለተኛው አካፍሉ። በምሳሌያችን 32 ሲቀነስ 27 አምስት ነው። 32 ሲቀነስ 15 አሥራ ሰባት ነው። አምስት ለአሥራ ሰባት ሲካፈል 0.29 ይመጣል። ይህም ማለት ከጠቅላላ ፍጆታችሁ ቢያንስ 30 በመቶው ሌሊት መሆን አለበት። የሳምንቱን ንባብ ይዛችሁ ካሰላችሁ መልሱ ወዲያው ይታያል።

ስቶሬጅ ሂተሩን በትክክል የሚጠቀም ቤት ክረምት ላይ ይህን መጠን በቀላሉ ያልፋል። ሂተሩን አጥፍቶ ሶኬት ላይ በሚሰካ ሂተር የሚሞቅ ቤት ግን አያልፍም። እንዲህ ያለው ቤት ከሁለቱም ወገን የከፋውን ይዟል፤ ሙቀቱን የሚገዛው በውዱ ሰዓት ነውና።

ቢሉ በስማችሁ ከሆነ ታሪፍም ሆነ ኩባንያ የመቀየር መብት አላችሁ። ውል ላይ አከራዩ የሚመርጠው ኩባንያ ቢጻፍም እንኳ። ቆጣሪውን ራሱን ማስቀየር ከሆነ ግን አስቀድማችሁ ለአከራዩ በጽሑፍ አሳውቁ። አከራዩ ራሱ ኤሌክትሪኩን ገዝቶ ለእናንተ የሚሸጥ ከሆነ ደግሞ ለዩኒቱ እሱ ከከፈለው በላይ ሊያስከፍላችሁ አይፈቀድለትም። ቢሉን እንዲያሳያችሁ ጠይቁት።

ደረጃ 3፦ ሂተሩ በእርግጥ ሌሊት ነው የሚሞላው?

ይህን የሚፈትሽ ሰው ጥቂት ነው። በድሮው አሠራር ሂተሮቹ የራሳቸው መስመር አላቸው፤ ያ መስመር ኃይል የሚያገኘው ሌሊት ብቻ ነው። ሰዓት ጠባቂው ከተበላሸ ወይም አንድ ሰው መስመሩን በሌላ መልክ ከቀጠለው፣ ሂተሩ ቀን በውዱ ዋጋ ይሞላል።

ፈተናው እንዲህ ነው። ከሰዓት በኋላ ሂተሩ ቀዝቀዝ ሲል ኢንፑት የሚለውን ማዞሪያ እስከ መጨረሻው አዙሩ። ሌሎች ዕቃዎችን አጥፉ። ወደ ቆጣሪው ሂዱ። ቀይዋ መብራት ቶሎ ቶሎ ብልጭ ማለት ከጀመረች ሂተሩ ቀን ኃይል እየወሰደ ነው። ማዞሪያውን ወደነበረበት መልሱና ለኩባንያውም ለአከራዩም አሳውቁ። ኢኮኖሚ 10 የሚባል ታሪፍ ካላችሁ ግን ከርካሹ ሰዓት የተወሰነው ቀን ላይ ስለሚውል አትደንግጡ።

ሌላም አለ። አንዳንድ አሮጌ ቆጣሪዎች ርካሹን ሰዓት የሚያውቁት በቢቢሲ ሬዲዮ 4 የረጅም ሞገድ ሥርጭት አብሮ በሚላክ ምልክት ነበር። ይህ አገልግሎት በየአካባቢው መዘጋት የጀመረው ከጁን 30 ቀን 2025 ነው። ምልክቱ ሲቋረጥ ሂተሩ ጭራሽ ላይሞላ፣ ወይም ሳያቋርጥ ሊበራ፣ ወይም በተሳሳተ ሰዓት ሊሞላ ይችላል። ከቆጣሪው አጠገብ ሬዲዮ ቴሌስዊች የሚል ጽሑፍ ያለው ሣጥን ካያችሁ ዛሬውኑ ለኩባንያው ደውላችሁ ቆጣሪው እንዲቀየር አስመዝግቡ። መቀየሩ በነፃ ነው።

ደረጃ 4፦ ሁለቱ ማዞሪያዎች

ከሁሉም ነገር ይህ ዋናው ነው። በጥሞና አንብቡት።

ኢንፑት ማለት ዛሬ ሌሊት ምን ያህል ሙቀት ይጠራቀም ማለት ነው። የነገን ሙቀት ዛሬ ማታ ታዛላችሁ። አውትፑት ማለት የተጠራቀመው ሙቀት በምን ፍጥነት ይውጣ ማለት ነው። ከላይ ያለ ክዳን ይከፍታል፣ ይዘጋል። አውትፑትን ስታዞሩ ቆጣሪው አይቆጥርም። ኢንፑትን ስታዞሩ ግን የነገውን ቢል እየወሰናችሁ ነው።

የሚበዛው ሰው ሁለቱንም እስከ መጨረሻው አዙሮ ይተዋቸዋል። ምን ይሆናል? ሌሊት ጡቡ እየሞላ ሳለ ክዳኑ ክፍት ነው። ሙቀቱ እየገባ ይወጣል። እናንተ ብርድ ልብስ ውስጥ ናችሁ፣ ሳሎኑ ባዶውን ይሞቃል። ቀን ሥራ ላይ ስትሆኑ የቀረው ያልቃል። ማታ ስትመለሱ ጡቡ በርዷል። ያን ጊዜ ሶኬት ላይ የሚሰካው ሂተር ይወጣል። የአንድን ቀን ሙቀት ሁለት ጊዜ ገዛችሁ፤ ሁለተኛውን ደግሞ በእጥፍ ዋጋ።

ትክክለኛው አያያዝ ይህ ነው።

1. ከመተኛታችሁ በፊት አውትፑትን እስከ ታች ዝጉት። ይህችን አንዲት ነገር ብቻ ብታደርጉ እንኳ ለውጡ ይታያችኋል።

2. የነገውን የአየር ትንበያ ስልካችሁ ላይ እዩና ኢንፑትን አስተካክሉ። ማዞሪያው ከ1 እስከ 6 ከሆነ፣ ለብ ባለ ቀን 2 ወይም 3 ይበቃል። ውርጭ ከመጣ 5 ወይም 6።

3. ጠዋት አውትፑቱን እንደተዘጋ ተዉት። ተዘግቶም ቢሆን ሂተሩ በራሱ ሽፋን በኩል ክፍሉን ለብ ያደርገዋል። ቤት የሚውል ሕፃን ወይም አዛውንት ካለ ግን በትንሹ ክፈቱት።

4. ከሥራ ስትመለሱ አውትፑትን ከፍ አድርጉ። ክፍሉ ሲሞቅ ዝቅ።

5. ለጥቂት ቀናት ያህል ታዘቡ። ማታ ከመተኛታችሁ በፊት ጡቡ ገና ትኩስ ከሆነ ኢንፑቱ በዝቷል፣ አንድ ቁጥር ቀንሱ። ገና ሳይመሽ ከቀዘቀዘ ጨምሩ።

በየክፍሉ እንደየሥራው አስተካክሉ። ማንም የማይውልበት መኝታ ቤት እንደ ሳሎኑ መሞላት የለበትም። በጋ ላይ ደግሞ ግድግዳው ላይ ያለውን ማብሪያ አጥፉት። ሳያስፈልግ ሌሊት ሌሊት የሚሞላ ሂተር በጁላይም ይበላል።

አንዳንድ ሂተር ላይ ቡስት የሚል ጽሑፍ አለ። በአንዳንዱ ያው ክዳን መክፈቻ ነው። በሌላው ግን ቀን በውድ ዋጋ የሚሠራ ሌላ ሬዚስታንስ ነው። ለመለየት አብሩትና ቆጣሪውን እዩ። ብልጭታው ከፈጠነ ገንዘብ እየበላ ነው። ለግድ ቀን ብቻ ተዉት።

ሂተሩ ላይ ልብስ አታስጡ፣ መጋረጃም አይሸፍነው። እሳት ያስነሳል። ውስጡንም ራሳችሁ አትክፈቱ። በጣም የቆዩት ውስጥ አስቤስቶስ የሚባል ለሳንባ አደገኛ ነገር ሊኖር ይችላል።

ደረጃ 5፦ ሶኬት ላይ ስለሚሰኩ ሂተሮች

ብዙ ማስታወቂያ ኤሌክትሪክ የማይበላ ሂተር አለ ይላል። አትመኑ። ዘይት ያለበትም ሆነ ማራገቢያ ያለው፣ ሴራሚክም ሆነ ሌላ፣ ከአንድ ኪሎዋት ሰዓት የሚያወጣው ሙቀት እኩል ነው። ባለ 2 ኪሎዋት ሂተር ከ17:00 እስከ 22:00 ያለማቋረጥ ቢበራ 10 ዩኒት ይበላል። በምሳሌያችን የቀን ዋጋ 3 ፓውንድ ከ20 ነው። በወር 96 ፓውንድ። ያው 10 ዩኒት ሌሊት ጡብ ውስጥ ቢገባ 1 ፓውንድ ከ50 ነበር።

እኔ ከመግዛት የማልከለክለው የኤሌክትሪክ ብርድ ልብስን ነው። አብዛኛው ከ100 ዋት አካባቢ አያልፍም። ክፍሉን ሳይሆን ሰውን ያሞቃል፤ ማታ መኝታ ውስጥ ለሚበርደው ሰው በጣም ይጠቅማል።

ከሰልን በተመለከተ አጥብቄ ልናገር። ለቡና ብላችሁም ሆነ ለመሞቅ ፍላት ውስጥ ከሰል አታቀጣጥሉ። የሚወጣው ካርቦን ሞኖክሳይድ ሽታም ቀለምም የለውም። በተዘጋ ቤት ውስጥ የተኛን ቤተሰብ ይገድላል። ጋዝ የሌለበት ፍላት ውስጥ ደግሞ የዚህ ጋዝ ማስጠንቀቂያ ደወል ብዙ ጊዜ አይገጠምም። ቡናውን በኤሌክትሪክ ምድጃ አፍሉት።

ደረጃ 6፦ ሙቅ ውሃ

ከሂተሩ ቀጥሎ ትልቁ በላተኛ ይህ ነው። ቁምሳጥን ውስጥ ረጅም የመዳብ ታንከር ካለ፣ ውስጡ ኢመርሽን የሚባል ማሞቂያ አለ፤ ብዙውን ጊዜ 3 ኪሎዋት ነው። 120 ሊትር ውሃ ከ10 ወደ 60 ዲግሪ ለማድረስ ወደ 7 ዩኒት ይፈልጋል። ብዙ ቤት ሁለት ማሞቂያ አለ። የታችኛው ሌሊት በርካሽ ሙሉውን ታንከር ያሞቃል። የላይኛው ቀን ሲያስፈልግ ጥቂቱን በፍጥነት ያሞቃል። የላይኛው ማብሪያ ሳይታወቅ ሌት ተቀን በርቶ የሚገኝበት ቤት ብዙ ነው። ቆጣሪው ሁሉ ነገር ጠፍቶ ሲሮጥ መጀመሪያ የምትፈትሹት ይህን ነው።

የላይኛውን አጥፉ፣ የታችኛውን ለሌሊት ተዉ። ቴርሞስታቱ 60 ዲግሪ ላይ ይሁን። ለመቆጠብ ብላችሁ ከዚያ አታውርዱት፤ ለብ ባለ የቆመ ውሃ ውስጥ ሌጂዮኔላ የሚባል ባክቴሪያ ይራባል። ታንከሩ እርቃኑን ከሆነ 80 ሚሊሜትር ውፍረት ያለው ጃኬት አልብሱት። ዋጋው ብዙ አይደለም፤ አከራዩ እንዲገዛው ጠይቁ።

ቤቱ እንዳይበርድ

ባጭሩ፦ የበር ሥር ክፍተት በጨርቅ ጥቅል ድፈኑ፣ በመስኮት ጠርዝ ላይ የሚለጠፍ ስፖንጅ አድርጉ፣ ሲመሽ ወፍራም መጋረጃ ዝጉ። ባለ አንድ መስታወት መስኮት ላይ በፀጉር ማድረቂያ የሚወጠር ስስ ፕላስቲክ አለ፤ ስትለቁ ይነሳል፣ ግድግዳ አያበላሽም። የአየር መተንፈሻ ቀዳዳዎችን ግን አትድፈኑ። እርጥበት ከታፈነ ሻጋታ ይመጣል፤ ሻጋታ ደግሞ የልጆችን ደረት ይጎዳል።

ርካሽ ቴርሞሜትር ገዝታችሁ ሳሎን አስቀምጡ። ለጤና ቢያንስ 18 ዲግሪ ይመከራል። ገንዘብ ለመቆጠብ ብላችሁ ሕፃን ወይም አዛውንት ከዚህ በታች ባለ ክፍል ውስጥ አታኑሩ።

እንጀራ የምትጋግሩ ከሆነ ደግሞ ሰዓቱን አስቡበት። ምጣዱ ሥር የተጻፈውን ዋት እዩ። በ2 ኪሎዋት ምጣድ ለሁለት ሰዓት ብትጋግሩ በቀን ዋጋ 1 ፓውንድ ከ28፣ ከ07:30 በፊት ከሆነ ግን 60 ፔንስ ነው። ቅዳሜ ማልዶ መነሳት ለማይከብደው ሰው ጥሩ ነው። ልብስ ማጠቢያውንም እንዲሁ ጠዋት ከተነሳችሁ በኋላ አስጀምሩት። ተኝታችሁ ሳለ ግን አታሠሩት፤ እሳት ቢነሳ የሚያይ የለም።

ደረጃ 7፦ አከራዩን መጠየቅ

እዚህ ላይ አንድ ልዩነት መያዝ አለባችሁ። የተበላሸ ሂተርና ያረጀ ሂተር በሕግ ፊት አንድ አይደሉም። በእንግሊዝ የሚሠራው የ1985ቱ የአከራይና ተከራይ ሕግ አንቀጽ 11 አከራዩ የቤት ማሞቂያውንና የውሃ ማሞቂያውን ጠግኖ እንዲያቆይ ያስገድደዋል። የዌልስ ተከራዮችን አሁን የሚመለከተው የራሳቸው አዲስ ሕግ ቢሆንም ግዴታው ተመሳሳይ ነው። ማዞሪያው ከተሰበረ፣ ክዳኑ ካልተከፈተ፣ ሂተሩ ካልሞላ፣ ሰዓት ጠባቂው ከሳተ መጠገን ግዴታው ነው። እየሠራ ግን ብዙ የሚበላ ሂተርን እንዲቀይር ማስገደድ ከባድ ነው። በዚያ መንገድ ስትሄዱ ሌላ መያዣ ያስፈልጋችኋል።

መያዣው ኢፒሲ የሚባለው የቤቱ የኃይል ብቃት ሰርተፍኬት ነው። ከኤ እስከ ጂ ደረጃ ይሰጣል። በመንግሥት ድረ ገጽ ላይ ፖስትኮዳችሁን አስገብታችሁ በነፃ ታዩታላችሁ። በእንግሊዝና በዌልስ ከኤፕሪል 2020 ጀምሮ የሚከራይ ቤት ቢያንስ የኢ ደረጃ ሊኖረው ይገባል። ኤፍ ወይም ጂ ከሆነ አከራዩ የተመዘገበ ፈቃድ ከሌለው በቀር ማሻሻል አለበት። ሰርተፍኬቱ ላይ ምን ቢሻሻል ደረጃው እንደሚጨምር ተዘርዝሯል። ብዙ ጊዜ አዲስ ስቶሬጅ ሂተር የሚለው እዚያ አለ። ያንን ገጽ አትማችሁ ከደብዳቤው ጋር ላኩ። ከ2018 ጀምሮ አዲስ የሚሸጡት ሂተሮች ቴርሞስታትና ሰዓት መቆጣጠሪያ ያላቸው ናቸው፤ እንደ አሮጌው በእጅ ብቻ አይዞሩም።

ደብዳቤው ወይም ኢሜይሉ አጭር ይሁን። የየትኛው ክፍል ሂተር ምን እንደሆነ፣ ከመቼ ጀምሮ፣ የሳምንቱ ንባብ ስንት እንደሆነ፣ የክፍሉ ሙቀት ስንት ዲግሪ እንደሆነ፣ ቤት ውስጥ ሕፃን ወይም ሕመምተኛ ካለ ያንን፣ በመጨረሻም ምን እንዲደረግ እንደምትፈልጉና እስከ መቼ። ፎቶ አያይዙ። በስልክ ከተነጋገራችሁም በኋላ የተባባላችሁትን በኢሜይል ጽፋችሁ ላኩ። በአፍ የቀረ ነገር ማስረጃ አይሆንም። የኤሌክትሪክ መስመሩ የደኅንነት ምርመራ ሰነድም ጠይቁ፤ እንግሊዝ ውስጥ አከራይ ቢያንስ በየ5 ዓመቱ ማስመርመርና ቅጂውን ለተከራይ መስጠት አለበት።

አከራዩ መልስ ካልሰጣችሁ ለካውንስሉ የአካባቢ ጤና ክፍል አመልክቱ። ከመጠን ያለፈ ብርድ በቤት ላይ ከሚመዘኑት አደጋዎች አንዱ ነው፤ መጥተው ሊያዩ ይችላሉ። ሲቲዝንስ አድቫይስና ሼልተር የሚባሉት የበጎ አድራጎት ድርጅቶች በነፃ ያማክራሉ። ኪራይ መክፈል ግን በጭራሽ አታቁሙ። ጥፋቱ የእሱ ሆኖ ሳለ ከሳሹ እሱ ይሆናል። ብዙ ሰው አስወጣሃለሁ ይለኛል ብሎ ዝም ይላል፤ ፍርሃቱ ይገባኛል። እንግሊዝ ውስጥ ግን በአዲሱ የተከራዮች መብት ሕግ መሠረት ያለ ምክንያት ማስወጣት የሚፈቅደው አንቀጽ 21 ከሜይ 1 ቀን 2026 ጀምሮ ይቀራል።

ደረጃ 8፦ የተጠራቀመ ቢልና ድጋፍ

ቢሉ በግምት የተሠራ መሆኑን እዩ። ትክክለኛውን ንባብ ላኩ። ኩባንያው በራሱ ስህተት ሳያስከፍላችሁ የቆየውን ከ12 ወር በላይ ወደ ኋላ ተመልሶ ሊጠይቃችሁ አይችልም። ዕዳው እውነት ከሆነ አቅማችሁን የሚመጥን የክፍያ ዕቅድ እንዲሠራላችሁ ጠይቁ። ቅሬታችሁን በጽሑፍ አስገቡና 8 ሳምንት ካለፈ ወይም ከዚህ በላይ አንሄድም የሚል ደብዳቤ ከሰጧችሁ በደንበኛና በኃይል ኩባንያ መካከል ያለን ቅሬታ ወደሚዳኘው ገለልተኛ አካል፣ ወደ ኢነርጂ ኦምቡድስማን ውሰዱት። ለእናንተ ነፃ ነው።

በገቢ ላይ የተመሠረተ ድጎማ የምታገኙ ከሆነ ዋርም ሆም ዲስካውንት የሚባል 150 ፓውንድ ቅናሽ አለ። ቢሉ በእናንተ ወይም በባለቤታችሁ ስም መሆን አለበት። በአከራይ ወይም በቀድሞ ተከራይ ስም የሚመጣ ቢል ካለ ዛሬውኑ አስቀይሩ።

ተጨማሪ እርዳታ ለሚያስፈልጋቸው ደንበኞች ፕራዮሪቲ ሰርቪስስ ሬጂስተር የሚባል መዝገብም አለ። ከ5 ዓመት በታች ልጅ ያለው፣ አዛውንት፣ ሕመምተኛ ይመዘገባል። እንግሊዝኛ መናገር ወይም ማንበብ የሚቸግረውም መመዝገብ ይችላል፤ ይህን ብዙ ወገን አያውቅም። ወደ ኩባንያው ስትደውሉ አስመዝግቡኝ በሉ፣ አስተርጓሚም ጠይቁ።

የቅድሚያ ክፍያ ቆጣሪ ያላችሁ ማታ ስትተኙ ሂሳቡን እዩ። ሌሊት ካለቀ ሂተሩ አይሞላም፤ ነገ ቀኑን ሙሉ በውድ ሰዓት ለመሞቅ ትገደዳላችሁ።

ቤት ስትቀይሩ

ስትለቁ የሁለቱንም ንባብ ፎቶ ቁልፍ በምታስረክቡበት ቀን አንሱና ለኩባንያው ላኩ። አዲስ ቤት ስታዩ ደግሞ ከመፈረማችሁ በፊት ሦስት ነገር ጠይቁ፦ ኢፒሲው ስንት ነው? ቆጣሪው ባለ አንድ ነው ባለ ሁለት ንባብ? ሂተሩ አሮጌው ባለ ማዞሪያ ነው ወይስ አዲሱ? ኤጀንቱ አላውቅም ካለ የቆጣሪውን ቁምሳጥን ከፍታችሁ ራሳችሁ እዩ፤ በገባችሁበትም ቀን የመጀመሪያውን ንባብ ፎቶ አንሱ።